የሚመጣ ባቡር ድምፅ

አሶሳ ውስጥ የቡና ማሽን እንፋሎቱን ሲተፋ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ደንበኛው ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው፣ ማሽኑ ላይ የምትሠራልኝ ሕሊና ወተቷን ታሞቃለች፣ ማሽኑም «ትሽሽሽሽ!» ብሎ የሆዱን ይተነፍሳል። ለምደነዋል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ሁለት ሰዎች እኩል ዞሩ። አንዱ ማሽኑ አጠገብ ካልሆነ የማይቀመጡት ሼህ ሙዐዊያ ናቸው። ሁለተኛዋ ሉቅማት የሚባለውን ክብ ክብ የሱዳን ጣፋጭ በሳህን ይዛልኝ የገባችው ዓፊያ ናት። ሁለቱም ማሽኑን አዩ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ሼህ ሙዐዊያ የያዙትን ሻይ ጀለቢያቸው ላይ ደፉት።

እኔ ውድነሽ የቡናና የሻይ ቤቱ ባለቤት ነኝ። አይቶ ማለፍ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ያን ቀን ግን አይቼ አለፍኩ፤ ይኼ ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው።

ሼህ ሙዐዊያ የሆሞሻ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አሶሳ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ወጣት ሳሉ ድንበር ተሻግረው ደማዚን ገቡና በሱዳን ባቡር ላይ «አተሽጂ» ሆኑ። አተሽጂ የእንፋሎት ባቡሩን እሳት የሚጠብቅ ሰው ነው። እሳቱ ከደከመ እንፋሎቱ ይደክማል፤ እንፋሎቱ ከደከመ ባቡሩ ከነሰዉ ዳገት ላይ ይቀራል። እንደ እሳቸው አነጋገር ሱዳንን ያንቀሳቀሳት መንግሥት ሳይሆን አተሽጂ ነው። አሶሳ ደግሞ ሐዲድ እንኳ የላትም፤ ባቡር በቴሌቪዥን የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ የእኔ ቤት ሥራ ፈቶች ገና ከበር ሲገቡ ያዩዋቸውና፣ «ሼህ፣ ዛሬ ባቡሩ ይገባል ወይስ ጎማው ተንፍሷል?» ይሏቸዋል። እሳቸው አይቆጡም። እሳቸውን ተክቼ የምቆጣው እኔ ነኝ።

ማሽኑ አጠገብ ለምን እንደሚቀመጡ አንዴ ጠይቄያቸው ነበር።

«ጆሮ ይጠግባል» አሉኝ።

ዓፊያ የደማዚን ልጅ ናት። ጦርነቱ ሲመጣ በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ገባች፤ አሁን ጾሬ መጠለያ ከልጇ ከኢንቲሳር ጋር ትኖራለች። ሉቅማቷን ጎህ ሳይቀድ ጠብሳ በሚኒባስ ታመጣልኛለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ መጀመሪያ አንቱ ብያት ነበር፣ «ገና እኮ አላረጀሁም» ብላ ተቆጣችኝና አንቺ ሆነች። አማርኛዋ እምብዛም ነው፣ የእኔ ዐረብኛ ደግሞ የገበያ ነው፤ ቢሆንም እንግባባለን። እዚህ የተናገረችውን ሁሉ እኔው ነኝ ወደ አማርኛ ያዞርኩት፤ ከሷ አንደበት የጎደለ ነገር ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሼህ ሙዐዊያ ቤቴ ሳይከፈት እየመጡ ደጅ ይጠብቁኝ ጀመር። ሽቶ ሁሉ ጀመሩ። በመጨረሻ ባንኮኒው ድረስ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ውድነሽ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ።»

ሼህ አፋቸውን የፈቱት በበርትኛ ነው፣ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት። እኔም አንዳንዴ ደስ ይለኛል።

«ምን ሊያዙኝ ነው?» አልኳቸው።

«ዓፊያ ጥሩ ሴት ነው። እኔ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌ አንተ ነህ።»

«ሴት ሽማግሌ የት አገር አይተዋል?»

«ወንድ ይሄዳል፣ ይስቃል። አንተ ይቆጣል እንጂ አይስቅም።»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ጾሬ ወረድኩ። ዓፊያ ሊጥ እየመታች አገኘኋት። ነገሩን እንደ ወጉ ከሩቅ ጀምሬ፣ ዞሬ ዞሬ፣ ወደ ሼህ አመጣሁት። እሷ ገና «አተሽጂ» ስል ነበር መሳቅ የጀመረችው። ኢንቲሳርም ከጓዳ ሆና ሳቀች፤ «እናቴ ልጅ አይደለችም፣ ራሷ ትመልስ» አለችኝ።

«ወንድ ሁሉ ወጣት ሳለ አንድ ነገር ነበር» አለች ዓፊያ እጇን እየጠራረገች። «ሾፌር ነበርኩ፣ ወታደር ነበርኩ ይላል። እኔ ያደግሁት የጣቢያ አጥር ሥር ነው። አባቴ ለባቡር ባንዲራ የሚያወጣ ሠራተኛ ነበር። ሰውየሽ እውነት አተሽጂ ከሆነ ባቡሩን ያሰማኝ።»

«ባቡር ከየት ያምጣ?»

«እሱ ያውቃል። ካሰማኝ መልሱን ያን ጊዜ እሰጠዋለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እንዲስቁ ብዬም ነው ለሼህ የነገርኳቸው። አልሳቁም። ተነሥተው ቤት ሙሉ ሰው ፊት ጉንጫቸውን ነፍተው «ቡፍ! ቡፍ! ቡፍ!» ማለት ጀመሩ፤ ከዚያ በጥርሳቸው መሃል «ፅፅፅ» አሉ፣ ከዚያ ፉጨት ሊጨምሩ ሲሉ ሳል ያዛቸው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሳቁ ብዛት ማኪያቶው በአፍንጫው ወጣ። እሱን ከቤቴ አስወጣሁት። ሼህ ግን ሳላቸው ሲለቃቸው ዓይናቸው እያበራ፣ «አንድ አፍ አይበቃም። ባቡር ብዙ አፍ አለው» አሉኝ፤ ያኔውኑ ወደ ሆሞሻ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

የሄዱት ሱለይማን ዘንድ ነው። ሱለይማን የዋዛ ነፊዎች አለቃ ነው። ዋዛ ቅል በቅል ላይ ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም የበርታ መለከት ነው፤ ስሙ ዋዛ ይሁን እንጂ ነገሩ ዋዛ አይደለም። አንድ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ዜማው የሚሞላው እያንዳንዱ ሰው ተራውን ጠብቆ የራሱን ትንፋሽ ጣል ሲያደርግ ነው። ትልቁ ከቁመቴ ይበልጣል፣ ትንሹ ክንድ ያህል ነው። ከነፊዎቹ ጋር ቀንድ መቺዎች አሉ፤ ትከሻቸው ላይ ቀንድ አድርገው በበትር እየመቱ ይረግጣሉ። ሱለይማን ባቡርን በዋዛ የማሰማቱን ሐሳብ ወደደው፤ ግን ማሽላው ገና ማሳ ላይ ነበር፣ መከር ሳይገባ ደግሞ ዋዛ ከተሰቀለበት አይወርድም። ወግ ነው፣ ለአተሽጂም አይሻርም።

ስለዚህ ጠበቅን። ዓፊያ ሉቅማቷን ይዛ በገባች ቁጥር ማሽኑ አጠገብ ያሉትን ሰውዬ ገልመጥ ታደርግና፣ «ባቡሩ ዘገየሳ?» ትለኛለች። ሼህም ለእኔ፣ «ማሽላ ይደርሳል፣ ባቡር ይደርሳል» ይላሉ። ሁለቱም ቃል የሚለዋወጡት በእኔ በኩል ነው። መሃላቸው እንደ ስልክ እንጨት ቆሜ ከረምኩ።

ማሽላው ገባ፣ ዋዛው ወረደ። በዓርብ ቀን ከጸሎት በኋላ ሆሞሻ የማንጎ ዛፎቹ ሥር ተሰበሰብን። ዓፊያ ከኢንቲሳር ጋር መጣች፤ እኔም ቤቴን ዘጋሁ። ሼህ ሙዐዊያ መሃል ቆመው እጃቸውን አነሡ።

ትልቁ ዋዛ ብቻውን «ቡፍ» አለ። ቆየ። «ቡፍ» አለ። ሁለተኛው ተከተለው፣ ሦስተኛው ገባ፤ ቀንድ መቺዎቹ የባቡሩን ብረት ካካታ ከሥር አነጠፉለት። ሼህ እጃቸውን ፈጠን ሲያደርጉ ድምፁም ፈጠነ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ተረከዝ በተረከዝ እየተከተለ፣ በመጨረሻም ትንሹ ዋዛ ከሁሉም በላይ «ፑዊዊይ!» ብሎ ጮኸ። ልጆች እየጮኹ ተበተኑ። ዶሮዎችም እንደዚሁ።

እኔ ባቡር አይቼ አላውቅም። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡት በጭነት መኪና ነው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ሰፈራ መንደር፣ ያደግሁትም እዚሁ፣ ያገባሁትም የተፋታሁትም እዚሁ ነው። ያን ድምፅ ስሰማ ግን እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። ሻንጣ ይዤ መሄድ አማረኝ። ወዴት ብትሉኝ አላውቀውም። ደስታ ነበር፣ ምክንያት የሌለው ደስታ፤ እንባዬ ሁሉ መጣ። ሕዝቡም ተያይዞ እየረገጠ ነበር።

ዞር ስል ዓፊያ የለችም።

ሼህም አይተው ኖሯል፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ነፊዎቹ እንደ ወጋቸው ባንድ ጊዜ ቀጥ አሉ። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ሼህ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ደሜ ፈላ። ሮጬ መንገዱ ላይ ደረስኩባት።

«ምነው? ሰውዬው ያን ያህል ለፍቶ! ባቡር አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለች። «ራሱ ነው። ሲሄድ ልክ እንዲህ ነው።»

«ታዲያ?»

መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «የመጀመሪያ ባሌ የሄደው በዚህ ድምፅ ነው፤ ፖርት ሱዳን ሥራ አገኘሁ ብሎ። ከዚያ በኋላ ባቡር በመጣ ቁጥር አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ እጠብቀው ነበር።»

«ሞተ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አገባ» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ግን ቶሎ አቆመች። «እኔም ሌላ አገባሁ። የኢንቲሳር አባት፣ አላህ ይማረው፣ መልካም ሰው ነበር፤ እሱ በአህያ ነው የመጣው። ጆሮ ግን አይረሳም፣ ውድነሽ። ያ ድምፅ ሲጀምር አንድ ሰው ሊሄድብኝ ነው እላለሁ። ከደማዚን እኔው ራሴ ሄድኩ፣ ከኩርሙክም ሄድኩ። መሄድ ጠግቤያለሁ። ሰውየሽ ከቻለ መምጣቱን ያሰማኝ።»

መልእክቱን ይዤ ተመለስኩ። ሼህ ሙዐዊያ ሰሙኝና ራሳቸውን ያዙ።

«መምጣት እኔ አያውቅም» አሉ።

«እንዴት አያውቁም? ያን ሁሉ ዘመን ጣቢያ ሲገቡ አልነበረም?»

«ባቡር ጣቢያ ሲገባ አተሽጂ ጭንቅላት እሳት ውስጥ ነው። እሳት ይቀንሳል፣ ውሃ ያያል። ቀና ሲል ባቡር ቆሟል። መምጣት ውጭ ያለ ሰው ነው የሚሰማው።»

እንግዲህ ውጭ የነበረችው እሷ ናት። ቀጥታ አይነጋገሩ ነገር፣ ገና መልስ አልተሰጠም፣ ወግ አለ። ስለዚህ ዓፊያ ለእኔ ትነግረኛለች፣ እኔ ለእነ ሱለይማን እወስዳለሁ። ባቡር አይቼ የማላውቅ ሴት የባቡር አስተማሪ ሆንኩ፤ ነገሩ ለሰሚው ግራ ነው። «መጀመሪያ በእግርሽ ነው የምትሰሚው» ትለኛለች ዓፊያ፣ «ከዚያ ውሻ ይጮሃል። ጣቢያው ሲቀርብ ትልቁ ትንፋሽ ቀድሞ ይጠፋል፤ ነጂው እንፋሎቱን ዘግቶታላ። ከዚያ በኋላ ባቡሩ የሚመጣው በራሱ እየተንከባለለ ነው፤ የሚሰማው ብረቱ ብቻ ነው፣ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ።» እኔም ሆሞሻ ወርጄ ወንዶች መሃል ቆሜ በእግሬ መሬት እየደበደብኩ አሳያለሁ።

ሱለይማን ጨርሶ ሰምቶኝ ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«ዋዛ ሲጀምር አንድ አንድ ነው የሚገባው። ሲያልቅ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው። ብቻውን ቀድሞ ያቆመ ሰው ትንፋሹ አለቀ ይባላል። ሴቶች ይዘፍኑበታል። ያ ዘፈን ሰውየው እስኪሞት አይለቀውም።»

ያም ሆኖ ሞከሩ። መጀመሪያ የሚያቆመው ማን ይሁን ተባለ፤ ሁሉም ሌላውን አየ። ሱለይማን ምልክት ሰጠ፣ ማንም አላቆመም። ደግሞ ሰጠ፣ እንዲያውም ጨመሩ። ዓይናቸው ቀልቶ፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ አንዱ ካንዱ ቀድሞ ላለማቆም ሞት ሽረት ሆነ። በመጨረሻ ሱለይማን በትሩን መሬት ላይ ጣለው።

«ይኼ ባቡር ፍሬን የለውም! ሆሞሻን አልፎ ኩርሙክ ገብቷል!»

ሼህ ሙዐዊያ ያን ጊዜ ነው ከተቀመጡበት የተነሡት። ወደ ትልቁ ዋዛ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። ለሱለይማን በበርትኛ ነገሩት፣ እኔም ገባኝ፦ «ይህን ለእኔ ስጠኝ። ቀድሞ የሚያቆመው እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ወደ ጎን ወሰድኳቸው።

«ሼህ፣ የቆጡን አወርድ ብለው የብብትዎን እንዳይጥሉ! ሴትዮዋን ሊያገቡ ፈልገው፣ እሷው ፊት፣ አገር ፊት፣ ትንፋሹ አለቀ ሊባሉ?»

«ትንፋሽ ትንሽ ነው» አሉኝ። «እውነት ነው። ዓፊያ ይወቅ። ውሸት ሰው ከሚያገባ፣ እውነት ሰው እምቢ ይበል።»

ወደ ነፊዎቹ መለስኳቸው።

በሚቀጥለው ዓርብ ማንጎዎቹ ሥር ከፊተኛው እጥፍ ሰው መጣ። ወሬው ተሰምቶ ነበር፤ የቤቴ ሥራ ፈቶችም ሚኒባስ ሞልተው መጡ፣ ማኪያቶ በአፍንጫው የወጣበት ሾፌር ሳይቀር። ዓፊያ ከሴቶቹ መሃል ቶቧን፣ ያን ረጅም የሱዳን ሴቶች ልብስ፣ ተከናንባ ተቀመጠች። ፊቷ አይነበብም። እኔ የሞላ ትንፋሽ ይስጣቸው ብዬ ተሳልኩ፤ ለየትኛው ታቦት እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

ከሩቅ ጀመሩ። ቀንድ መቺዎቹ ከዛፎቹ ወዲያ ሆነው መሬቱን በእግራቸው ብቻ ይረግጡ ነበር፤ ድምፁ ሳይሰማኝ ጫማዬ ሥር ደረሰኝ። ከዚያ ዋዛ ነፊዎቹ እየነፉ መጡ። ሼህ ሙዐዊያ ከፊት ናቸው፤ ትልቁ ዋዛ ከእሳቸው ይረዝማል። «ቡፍ! ቡፍ! ቡፍ!» አንገታቸው ሥር በሥር ሆኗል። ወደኛ ቀረቡ፣ ቀረቡ፣ ሰዉ መርገጥ ጀመረ። ከዚያ ሼህ አፋቸውን ከዋዛው ላይ አነሡ።

ሴቶቹ አልማሯቸውም፤ ወዲያው ተቀበሏቸው።

«ትንፋሹ አለቀ፣ ገንፎ አብሉት፣
ከጥላው ሥር ወስዳችሁ አስተኙት!»

ሳቅ ሆነ። ሾፌሩ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ያፏጫል። ሼህ ዋዛውን ዝቅ አድርገው እያለከለኩ መራመዳቸውን ቀጠሉ። ፊታቸው ላይ እፍረት ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን ዓይናቸውን ከዓፊያ ላይ አላነሡም። ዓፊያ አልሳቀችም።

ከዚያ ሱለይማን ራሱ አፉን አነሣ። የሴቶቹ ዘፈን ተደናቀፈ፤ አለቃውን ማን ይሰድባል? ቀጥሎ ሦስተኛው አቆመ፣ አራተኛውም፣ በየተራቸው፣ ሳይቸኩሉ፣ ያለ አንዳች እልህ። ዘፈኑ ሞተ፣ ሳቁም ሞተ። የቀረው የቀንዱ ካካታ ብቻ ነው። ካ፣ ታ። ካ... ታ። እየዘገየ፣ እየዘገየ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ካ» ብሎ ቆመ።

በሆሞሻ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አስግጎ ከነፊዎቹ ኋላ ወዳለው መንገድ ያይ ነበር። እኔም አየሁ። በአላህም በማርያምም፣ አንድ ሰው ከዚያ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ከዚህ በፊት መሄድ ያማረኝ ሴት፣ አሁን መቀበል አማረኝ፤ ማንንም ቢሆን፣ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ መሳም።

ዓፊያ ተነሣች። ቶቧን አስተካከለች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ሼህ ሙዐዊያ ፊት ደርሳ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እኔ አናገረቻቸው፣ በዐረብኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ።

«ማን ወረደ?»

ሼህ ግራቸውን አዩ፣ ቀኛቸውን አዩ። ሱለይማን በክርኑ ጎሸም አደረጋቸው።

«እኔ» አሉ እያለከለኩ። «እኔ ነኝ የወረድኩት።»

«ቆየህ» አለቻቸው።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ እኔም ከሁሉም በላይ ጮህኩ። ሼህ ሙዐዊያ አንድ ነገር ሊመልሱላት ሞከሩ፣ ትንፋሹ ግን ከየት ይምጣ፤ እሷም ክንዳቸውን ይዛ እስኪመለስላቸው ድረስ አብራቸው ቆመች።